ለወንድሜ ኩላሊቴን መስጠት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት 3 ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። አንዱን ኩላሊቴን ልሰጠው ወስኛለሁ። እናቴ ግን «አንቺንም ልጣ ነው?» እያለች ታለቅሳለች። ገና አልወለድኩም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የወንድምሽን ኩላሊት የጎዳው ምንድን ነው? ስኳር ወይም ደም ግፊት ከሆነ አንቺም በደንብ መታየት አለብሽ፤ ሁለቱም በቤተሰብ ይሄዳሉ። በዘር የሚወረስ የኩላሊት በሽታ ከሆነ ደግሞ አንቺም ሳታውቂው ሊኖርብሽ ይችላል። ከወንድም እህት ለጋሾች ጋር ስነጋገር ከሁሉ በፊት የማነሳው ይህንን ነው።

ቀጥሎ የደም ዓይነት። በየትኛውም ላብራቶሪ ይሠራል። ኦ ከሆንሽ ለማንም መስጠት ትችያለሽ። እሱ ኤቢ ከሆነ ከማንም ይቀበላል። ፖዚቲቭና ኔጌቲቭ መሆን ለኩላሊት ችግር የለውም።

ከዚያ የወንድምሽን የኩላሊት ሐኪም አናግሪ። ወደ ንቅለ ተከላ ማዕከል የሚልካችሁ እሱ ነው። አገራችን ውስጥ ይህ ሕክምና በፈረንጆች 2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። የተጀመረውም ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው። ስለዚህ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ ቀድመሽ ጠይቂ። ኩላሊት በገንዘብ «እናገናኛችሁ» የሚል ሰው ከመጣባችሁ ግን ራቁት፤ መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው።

ምርመራው ብዙ ምልልስ አለው። ክሬቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ፣ የጉበት ቫይረሶች፣ ኤችአይቪ። የኩላሊትሽ የደም ሥሮች በሲቲ ስካን ይታያሉ። ክሮስማች የሚባለው ደግሞ የእሱ ደም የአንቺን ሴሎች ያጠቃ እንደሆነ የሚለይ ነው።

ለብቻሽ የሚያናግርሽም ባለሙያ ይኖራል። እዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን ተናገሪ። ቤተሰብ ተጭኖሽ ከሆነ፣ ፈርተሽ ከሆነ፣ ንገሪው። ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ደርሰሽም ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ። ምክንያትሽን ሐኪሞቹ ለቤተሰብ መናገር የለባቸውም። «እምቢ» የማለት መብት እንዳለው ያወቀ ሰው ነው በእውነት ፈቀደ የሚባለው።

አሁን የእናትሽ ጭንቀት። ጭንቀቷ ትክክል ነው፤ ጤነኛ ሰው ነው ቢላዋ ሥር የሚተኛው። በቀዶ ጥገናው ምክንያት የመሞት ዕድል ከ10,000 ለጋሾች 3 ወይም ከዚያ በታች ነው። የሚቀርሽ ኩላሊት ጥቂት ገዘፍ ብሎ የሁለቱን ሥራ 70 በመቶ ያህል ይሠራል፤ ለጤነኛ ኑሮ ይበቃል። ሆስፒታል ጥቂት ቀን ትተኛለሽ። ወደ ሥራ ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልግሻል፤ እስከዚያ ባልዲም ሆነ ጄሪካን አታንሺ። በኋላ ዘመንሽ የአንቺው ኩላሊት የመድከም ዕድሉ ካልሰጠ ጤነኛ ሰው ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በየዓመቱ ግፊትሽንና ክሬቲኒንሽን መታየት አለብሽ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችንም ከፋርማሲ ዝም ብለሽ ገዝተሽ አትውሰጂ።

ልጅ መውለድ ትችያለሽ። ከሰጠሽ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ታገሺ። በእርግዝና ጊዜ ግፊት የመነሣቱ ዕድል ትንሽ ከፍ ስለሚል ክትትልሽን ገና ከጅምሩ ያዢ። ይህን ለወደፊት ባልሽም ንገሪው።

ወንድምሽም አዲሱ ኩላሊት እስከሠራ ድረስ በየቀኑ መድኃኒት ይወስዳል። ካቋረጠ ሰውነቱ ኩላሊቱን ይጥለዋል። የመድኃኒቱን ወጪ ከማን፣ እስከ መቼ እንደምታገኙ ከቀዶ ጥገናው በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

ወደ ሐኪሙ ስትሄጂ እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ። የሚያስፈራትን እሷው ራሷ ትጠይቀው።