ማስመሪያውን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ አስገቢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ 8 ዓመቷ ነው። 1 ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር መሆኑን በቃሏ ትወጣዋለች። ዙሪያና ስፋት ሲባል ግን ይምታታባታል። ማስመሪያ ስትይዝ አንዴ ከ0፣ አንዴ ከ1 ትጀምራለች። "ቤት ባለ ዕቃ እንዴት ላስረዳት? ወይስ የማስተማሪያ ዕቃ ልግዛላት?" ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሰልሽ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ቀመሩን ትሸምድድ፣ መግባቱ በኋላ ይመጣል ብሎሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለዓመታት የታችኛው ክፍል ተማሪዎችን ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ቀመሩ ቀድሞ የገባበት ልጅ "የቱን በየቱ ላባዛ?" ይላል እንጂ "ምኑን ነው የምለካው?" አይልም። የልጅሽም ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለ መግዛቱ፣ አትግዢ። ክር፣ ካርቶን፣ ወረቀት፣ የክብሪት ቀፎ፣ ክዳንና ብርጭቆ ካሉሽ ሞልቶልሻል። ዕቃው ግን ብቻውን አያስተምርም። ልጅ ፊት ካርቶን ብንከምር ቤት ይሠራበታል፣ አለቀ። ትምህርት የሚያደርገው አንቺ የምትጠይቂው ጥያቄ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ "እስቲ ገምቺ" በያት። ሳይገመት ምንም ነገር አይለካ። የገመተ ልጅ ውጤቱን ለማየት ይጓጓል፤ ያልገመተ ልጅ ግን አንቺን ደስ ለማሰኘት ነው የሚለካው። ግምቷንም ወረቀት ላይ ትጻፈው። ካልተጻፈ "እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት" ይመጣል።

ከርዝመት ጀምሪ፤ ያለ ቁጥር። "ይሄ ጠረጴዛ በዚያ በር ያልፋል?" ብለሽ ጠይቂያት። ጠረጴዛውን ማንቀሳቀስ አይፈቀድም። ትንሽ ትቁነጠነጣለች፣ በእጇ ትሞክራለች፣ እጇን እንደዘረጋች ወደ በሩ ለመሄድ ትሞክራለች፣ መንገድ ላይ እጇ ይጠብባታል። ያኔ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጊላት። ምንም አትናገሪ። ክሩን በጠረጴዛው ልክ ይዛ በሩ ጋ ስትወስደው መለካት ምን እንደሆነ ገብቷታል ማለት ነው። አንድን ልክ ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው። ቁጥሩ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ የክፍሉን ርዝመት በእግሯ ትለካ፣ ተረከዝና ጣት እያገናኘች። አንቺም በእግርሽ ለኪ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን "የማን ቁጥር ይበልጣል?" በያት። አብዛኞቹ ልጆች "ያንቺ" ይላሉ፤ ትልቅ እግር ትልቅ ቁጥር ያመጣል ብለው ስለሚያስቡ። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሲሆን ፊቷን ብታዪው! እዚህ ጋ አትቸኩዪ። "ክፍሉ ተለወጠ እንዴ?" ብለሽ ተያት። መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ እንደሚበዛ ራሷ ካገኘችው፣ ሜትርን ወደ ሳንቲ ሜትር ስትለውጥ ማባዛት ይሁን ማካፈል አይምታታባትም። "ታዲያ የማንን እግር እንጠቀም?" ብላ ከጠየቀች ደግሞ የሜትርን ታሪክ ንገሪያት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ የማንም ሰው አካል ያልሆነ መለኪያ ፈልገው፣ ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ ያለውን ርቀት 10 ሚሊዮን ቦታ ከፈሉትና አንዱን ክፋይ ሜትር አሉት። ዛሬ ሜትር የሚተረጎመው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ እሱ ይቆያት።

አሁን የክብሪት ቀፎ አምጪ። አንድ ብቻ። ብዙ ቀፎ ከሰጠሻት ትደረድርና ትቆጥራለች፣ ይቀላል። አንድ ብቻ ሲሆን ግን ያለቀበትን ቦታ ምልክት አድርጋ ቀፎውን ማሻገር አለባት። ክፍተት ከተወች ወይ ከደረበች ቁጥሩ ይዛባል። በዚያው ቀፎ ከካርቶን የራሷን ማስመሪያ ትሥራ። ረዘም ያለ የካርቶን ቁራጭ ላይ ቀፎውን እያሻገረች በየጫፉ ትሰምራለች። ከዚያ "ቁጥሮቹን የት የት እንጻፍ?" በያት። ብዙ ልጆች መነሻው ጠርዝ ላይ 1 ብለው ይጽፋሉ። "ገና አንድም ቀፎ ሳታስቀምጪ 1 አልሽው?" ስትያት ትንሽ ዝም ትልና ታጠፋዋለች። 0 የሚባለው ነገር ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ያኔ ይገባታል።

ከሰነበተ በኋላ ደግሞ የተሰበረውን ማስመሪያ ሞክሩ። ያንኑ የካርቶን ማስመሪያ ከመነሻው በኩል ቁረጪው፣ ከ3 ይጀምር። አንድ ዱላ ከ3 እስከ 8 ድረስ አጋድሚበት። ስንት ቀፎ ነው? አንዳንዱ ልጅ ጫፉን አይቶ "8" ይላል። ሌላው መስመሮቹን ይቆጥርና "6" ይላል። መልሱ 5 ነው፤ የሚቆጠረው በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታ ነውና። ይቺን ጥያቄ በጣም እወዳታለሁ። ልጁ ማስመሪያ የሚያነበው ገብቶት ይሁን በልምድ ወዲያው ታሳብቃለች። ይህችን ያለፈ ልጅ እውነተኛው ማስመሪያ ሲሰጠው ከየትም ቢጀምር አይሳሳትም። የልጅሽ የ0 እና የ1 ችግር በዚህ ይፈታል።

ወደ ዙሪያና ስፋት እንምጣ። ዋናው ራስ ምታትሽ ይሄ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድበት።

12 የክብሪት እንጨት አዘጋጂ፤ ጭንቅላታቸውን ቆርጠሽ ጣይው። ሁሉንም ተጠቅማ፣ ምንም ሳይተርፋት፣ አንድ ሬክታንግል ትሥራ። 5 በ1 ሠራች እንበል። "ይሄ ለጉንዳን ግቢ ነው፤ እንጨቶቹ አጥሩ ናቸው። ለጉንዳኗ ሰፋ ያለ መጫወቻ የሚሰጣት ሌላ ግቢ በዚሁ አጥር ይሠራል?" ብለሽ ጠይቂያት። የመጀመሪያ መልሷ "አጥሩ ያው ነው፤ ግቢውም ያው ነው" ይሆናል። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንደዚያ ነው የሚሉት። ከዚያ ጎኑ የአንድ እንጨት ርዝመት የሆነ የወረቀት ካሬ ቆራርጣችሁ ወለሉን ታልብሰው። 5 በ1 የሆነው ግቢ 5 ካሬ ይይዛል። 4 በ2 የሆነው 8፣ 3 በ3 የሆነው 9። አጥሩ ሁልጊዜ 12 ነው። አጥር አንድ ነገር፣ ወለል ሌላ ነገር መሆኑን ልጅቷ በእጇ ነካችው። ከዚህ በኋላ ሲምታታባት "አጥሩን ነው ወይስ ወለሉን?" ማለት ብቻ ይበቃሻል።

ማባዛቱ የሚመጣው ካሬዎቹን ስትቆጥር ነው። መጀመሪያ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። እዪያት፣ አታቋርጫት። ወለሉ ትልቅ ሲሆን ይሰለቻትና "3 ረድፍ ነው፣ እያንዳንዱ 4" ትላለች። በቃ፣ ቀመሩን ራሷ አገኘችው። ርዝመት ሲባዛ በወርድ የሚለውን ለዚያ ግኝቷ ስም አድርገሽ ብቻ ንገሪያት።

ካሬ ሜትርን ለማሳየት ደግሞ ኤ4 ወረቀት አሪፍ ነው። 16 ኤ4 ወረቀት ወለል ላይ ሲነጠፍ 1 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ይሄ አጋጣሚ አይደለም። ኤ0 የሚባለው ትልቁ ወረቀት ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር እንዲሆን ተደርጎ የተመጠነ ነው፣ ኤ4 ደግሞ እሱ 4 ጊዜ እየታጠፈ በግማሽ ሲቆረጥ የሚገኘው ነው። 4 በ4 አድርጋችሁ ስትነጥፉት ካሬ ቅርፅ አይወጣውም፤ ረዘም ይላል። "ካሬ ሜትር ካሬ መሆን የለበትም እንዴ?" ብላ ከጠየቀችሽ ደስ ይበልሽ። ወረቀቶቹን በአንድ መስመር ብትደረድሪያቸውም ስፋቱ ያው ነው።

ይዘት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ገና 8 ዓመቷ ነው። ውሃ ከአጭር ሰፊ ብርጭቆ ወደ ረጅም ጠባብ ብርጭቆ ስትገለብጪ "በዛ" ካለች አትቆጪ። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በዚሁ ሙከራ የታወቀ ነው። ልጆች እስከ 7 ዓመት አካባቢ ድረስ ከፍታውን ብቻ እያዩ እንደሚፈርዱ አሳይቷል። መልሰሽ ገልብጪላትና ተያት። ለትልልቆቹ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ኤ4 ወረቀት ውሰጂ። አንዱን በቁመቱ፣ ሌላውን በወርዱ ጠቅልለሽ ጫፍና ጫፉን ሳይደራረብ በፕላስተር አያይዢው። አንዱ ረጅም ቀጭን ቱቦ ይሆናል፣ ሌላው አጭር ወፍራም። የቱ ብዙ ይይዛል? ግምት ይጻፍ። ከዚያ ረጅሙን አጭሩ ውስጥ አቁሙና አሸዋ ሙሉበት። ረጅሙን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ስትስቡት አሸዋው አጭሩ ውስጥ ይወርዳል፤ ግን አይሞላውም። አጭሩ የረጅሙን 1.4 ጊዜ ያህል ይይዛል። ወረቀቱ እኮ አንድ ነው! ወፍራምነቱ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ፣ ቁመቱ ግን አንዴ ብቻ ስለሆነ ነው። አሸዋውን ስትሞሉ ከሥሩ ሰፊ ትሪ ካላስቀመጣችሁ መጥረጉ ያንቺ ነው።

ሊትርና ኪሎን ለማገናኘት በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ከካርቶን ሥሩ። ውስጡን በፌስታል አልብሱትና ውሃ ሙሉት። ልክ 1 ሊትር ይገባል፣ ሲመዘንም 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

አሁን ቅርፆች። ብዙ ወላጅ ስም ማስጠናት ላይ ይቀራል፤ "ይሄ ምንድነው? ካሬ። ጎበዝ።" ካሬውን ትንሽ አዘንብዪውና በጫፉ አቁሚው። "አሁንስ?" ብዙ ልጅ ካሬ መሆኑን ይክዳል። የሚያውቀው መልኩን እንጂ ጠባዩን አይደለም። ፒየርና ዲና ቫን ሂሌ የሚባሉ ባልና ሚስት የኔዘርላንድ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1957 በጻፉት ጥናት ይህንኑ ነው ያስረዱት። ልጅ መጀመሪያ ቅርፅን በመልኩ ይለያል፣ ቀጥሎ በጠባዩ፣ ማስረዳትና ማረጋገጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደረጃ መዝለል አይቻልም፤ ዕድሜ ብቻውንም አያሻግርም፣ የሚያሻግረው ሥራ ነው። ስለዚህ "ይሄ ምን ይባላል?" የሚለውን ቀንሺና "በምን አወቅሽ?" የሚለውን አብዢ።

ጠባይ በእጅ ይነካል። ስትሮ ቆራርጣችሁ ክር አሳልፉበትና አንድ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ካሬ ሥሩ። ካሬው ሲገፋ ይተኛል፤ ሦስት ማዕዘኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ከካሬው ጥግ ወደ ጥግ አንድ ስትሮ ጨምሩለት፣ ይቆማል። ከዚያ ወደ ውጭ ውጡና ጣራ፣ ድልድይ፣ የኤሌክትሪክ ማማ ላይ ሦስት ማዕዘን ትፈልግ። ታገኛለች፤ ለምን እንዳለም ታውቃለች።

ለማዕዘን የሚሆን መሣሪያ ከማንኛውም ቅዳጅ ወረቀት ይወጣል። አንዴ እጠፊው፣ ከዚያ የታጠፈውን ጠርዝ በራሱ ላይ አስተካክለሽ ድገሚው። ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። ይዛው ትዙርና በር፣ መጽሐፍ፣ ጠረጴዛ ላይ ትለካካ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ልጆች ክንዱ የረዘመ ማዕዘን የሚበልጥ ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ በር ነው። በሩ ትንሽ ሲከፈትና በደንብ ሲከፈት የመዝጊያው ወርድ ያው ነው፣ የተለወጠው መክፈቻው ነው።

ባዶ ካርቶን ሳትጥዪ በፊት ደግሞ በጠርዞቹ ቆራርጣ ትዘርጋው። ምን ይመስላል ብላ ቀድማ ትሣል። ጎበዝ ከሆነች የኩብ ጥያቄ ስጫት። 6 እኩል ካሬዎች ጎን ለጎን ተያይዘው 35 ዓይነት ቅርፅ ይሠራሉ፤ ሲታጠፉ ኩብ የሚሆኑት 11ዱ ብቻ ናቸው። ስንቱን ታገኛለች? ዝናባማ ቅዳሜ ካለ ቀኑን ይበላዋል።

የክብን ነገር ለጊዜው በአንድ ጨዋታ ጨርሺው። የቤቱን ክዳኖች ሁሉ ሰብስባ ዙሪያቸውን በክር ትለካ፣ ከዚያ ያንኑ ክር በክዳኑ መሀል ለመሀል ትዘርጋ። ስንት ጊዜ ይሻገራል? ክዳኑ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ 3 ጊዜና ትንሽ ትርፍ። ያቺ ትርፍ የምታበሳጭ ናት፣ አስተካክዬ አልለካሁም ብላ ትደግመዋለች። ትድገመው። ፓይ የሚባለውን ስም ክፍል ሲደርሱበት ይነግሯታል።

ሌላ ምክር፣ ቤቱን ሁሉ ክፍል አታድርጊባት። ሳህን ባነሳች ቁጥር "ዲያሜትሩ ስንት ነው?" የምትላት እናት ጋ ምግብ አይበላም። ልጅቷ ስትሰለች ተዪው፤ ዕቃው የትም አይሄድም።

ፈተናዋ ቅርብ ነው ብለሻል። እንግዲያው ሁሉንም አትጀምሪ። ከተሰበረው ማስመሪያና ከ12ቱ እንጨት ጀምሪ። ሁለቱ ከገቧት የደብተሯን ጥያቄዎች አምጪና እያንዳንዱን ከመሥራቷ በፊት "አጥር" ወይም "ወለል" ብላ አጠገቡ ትጻፍ። ሒሳቡን ከዚያ ትሥራው። ቱቦውና ካርቶኑ ለዕረፍት ይቆዩ።