ሰርጎ ገቦቹ የማን ነበሩ?

ባለፈው ወር ስለ ካራማራ፣ በ1970 የሶማሊያን ጦር ስላሸነፍንበት ውጊያ፣ የጻፍኳት አጭር ማስታወሻ የደብዳቤ ዶፍ አወረደችብኝ። ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ እርግማን ነው። አምስት ጥያቄ መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

«አባቴ ከመንዝ ተነስቶ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ፣ ሐረርጌ የዘመተ ሚሊሺያ ነው። ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ አንዴ ‹ሰርጎ ገብ› ይላል፣ አንዴ ‹የሶማሊያ ጦር›። የቱ ነው ስለው ‹ያው ነው› ብሎ ያልፈኛል። እውነት ያው ነው?» ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ አባትሽ አልተሳሳቱም። ግን መጀመሪያ ያው አልነበረም፣ ኋላ ነው ያው የሆነው።

ሶማሊያ ነጻ የወጣችው በሰኔ 1952 ነው። ባንዲራዋ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው። ሁለቱ ጫፎች የእንግሊዝና የጣሊያን ሶማሊላንድ ናቸው፣ እነሱ ተዋህደዋል። የቀሩት ሦስቱ ጅቡቲ፣ የኬንያ ሰሜን ምሥራቅና የእኛው ኦጋዴን ነበሩ። እንግዲህ ጎረቤትሽ በየቀኑ የሚሰቅለው ባንዲራ ላይ ያንቺ ግቢ ተስሎበታል ማለት ነው፤ እንዴት ተስማምተሽ ትኖሪያለሽ?

ሦስት ዓመት አልፎ ሰኔ 1955 ላይ፣ ከኦጋዴኗ ወርዴር በስተሰሜን ሆዳዮ በምትባል የውኃ ቦታ 300 ያህል ሰዎች ተሰብስበው ማክታል ዳሂርን መሪ አድርገው መረጡና ሸፈቱ። አስቢው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ወር እንኳ አልሞላውም። ከኋላቸው ሶማሊያ ብትኖርም እነዚህ ሰዎች የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፣ የራሳቸውም ብሶት ነበራቸው። ከብሶቶቹ አንዱ የእንስሳ ግብር ነው። መንግሥት ውኃ ሳይቆፍርልህ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፍትልህ ግመልህን ሊቆጥር ሲመጣ ምን ይሰማሃል? በዚያው ሰሞን ባሌ ላይ እነ ዋቆ ጉቱ አምጸው ነበር። የእነሱም መሣሪያ የሚመጣው ከዚያው ከሶማሊያ ነው።

ነገሩ ከሽፍታ ውጊያ አልፎ በ1956 አጋማሽ ሁለቱ መንግሥታት ራሳቸው ቶጎ ውጫሌ አካባቢ ተዋጉ። ዛሬ ጫት ጭኖ የሚበር መኪና የሚያልፍባት ያቺው ቶጎ ውጫሌ። በመጋቢት ኻርቱም ላይ፣ በሱዳን አደራዳሪነት፣ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ጦራቸውን ሊያርቁ ተስማሙ። ጦሩ ራቀ፣ ጥያቄው ግን አልራቀም።

ከዚያ 1969 መጣ። ደርግ እርስ በርሱ ይባላል፣ ኤርትራ ይነድዳል፣ አሜሪካ ፊቷን አዙራለች። ለሶማሊያው መሪ ለዚያድ ባሬ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። በመጀመሪያ የመጡት እውነተኛዎቹ ሰርጎ ገቦች ናቸው፣ የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር። በሌሊት ይመቱና ይሰወራሉ። የጅቡቲን ምድር ባቡር ድልድዮች አፈረሱ። ሐምሌ ሲገባ ግን ሰርጎ ገቡ ታንክ ይነዳ ጀመር! ሚግም ያበራል። ሞቃዲሾ ስትጠየቅ «እኛ የለንበትም፣ ነጻ አውጪዎቹ ናቸው» ትላለች። ይህን እያለች ነው እንግዲህ ጦሯ አብዛኛውን ኦጋዴን ይዞ፣ መስከረም ጠባ ሲባል ጅግጅጋን ያስለቀቀው። መደበኛ ጦሬን አዝምቻለሁ ብላ በይፋ ያመነችው በየካቲት 1970፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። ሐረርና ድሬዳዋ አልወደቁም። ሶቪየቶች ወደ እኛ ዞሩ፣ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደር ገባ፣ የካቲት 26 ጅግጅጋ ተመለሰች። ከአራት ቀን በኋላ ዚያድ ባሬ ጦሬን አስወጣለሁ አለ።

ወጣም። ሰርጎ ገቦቹ ግን ቀሩ፣ በየገጠሩ ለዓመታት ሲዋጉ ኖሩ። ስለዚህ የአባትሽ ወሬ ቅደም ተከተሉ ሰርጎ ገብ፣ ቀጥሎ ጦር፣ ከዚያ እንደገና ሰርጎ ገብ ነው። ምሽግ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ጥይቱን ማን እንደላከው ምኑ ነው? «ያው ነው» ሲሉሽ እሳቸው ካሉበት ቦታ ያው ነበር።

«አያቴ ግመሎቹን እየነዳ ሐርጌሳ ድረስ ይሄድ ነበር፣ ማንም ፓስፖርት አልጠየቀውም። ይሄ ድንበር የሚሉት መቼ ነው የተሰመረው? ለምንስ አልጸና?» ከጅግጅጋ

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ከግመሉ ይጀምራል።

ሃውድ የሚባለውን የግጦሽ አገር አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ዝናብ ሲጥል ሣሩ ጉድ ነው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠጣ ውኃ የለበትም። ስለዚህ እረኛው በክረምት ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ በበጋ ወደ ሰሜን ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። በ1889 እንግሊዞች ከአፄ ምኒልክ ጋር ሲዋዋሉ፣ ሐረር ላይ የተደራደረው ራስ መኮንን ነበር። መስመሩ ሣሩን ወዲህ፣ ጉድጓዱን ወዲያ አደረገው። እንግሊዞቹም ይህን ያውቁ ስለነበር እረኞቹ ተሻግረው እንዲያግጡ በደብዳቤ አስፈቀዱ። ሶማሌዎቹ እስከ ዛሬ የሚያነሱት ቅሬታ ግን አለ፦ እንግሊዝ ከጎሳዎቹ ጋር የጥበቃ ውል ፈርማ፣ እነሱን ሳትጠይቅ ግጦሻቸውን ለሌላ ሰጠች ይላሉ። እውነት ነው፣ አልተጠየቁም። በእርግጥ ያን ጊዜ ማንስ ተጠይቆ ነበር?

በጣሊያን በኩል ያለው የባሰ ነው። የ1900ው ውል ድንበሩን ያስቀመጠው በጎሳ ስም ነው። እነ እንትና ወደ ጣሊያን፣ ኦጋዴኖች ወደ ኢትዮጵያ ይላል። ጎሳ ደግሞ ተራራ አይደለም፣ ይንቀሳቀሳል። ወልወል ላይ በኅዳር 1927 ደም የፈሰሰው በዚሁ ሰበብ ነው፤ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር የፈለገውን ምክንያት ያገኘው በጉድጓድ ውኃ ዙሪያ ነው። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች ቦታውን ይዘው ቆዩና ኦጋዴንን በ1941፣ ሃውድን በ1947 መለሱ። በመካከል፣ ጣሊያን ሶማሊያን በሞግዚትነት ስትረከብ፣ «ለጊዜው» ተብሎ የአስተዳደር መስመር ተሰመረ። ኢትዮጵያና ጣሊያን ተነጋግረው ቋሚ ያደርጉታል ተባለ። አልተስማሙም። ያ «ለጊዜው» አሁንም አለ።

የአያትህ ዘመን ሰዎች ምን አደረጉ መሰለህ? ሃውድ ላይ ቢርካ ቆፈሩ። ጉድጓዱን ሲሚንቶ ቀብተው የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ጀመሩ፣ እናም በበጋም መቆየት ተቻለ። እነዚያ ቢርካዎች ከየትኛውም ውል ይልቅ የሰውን አኗኗር ቀይረዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

«ሁልጊዜ እነሱ ሰርጎ ገብ ላኩብን እንላለን። እኛስ አልላክንም? እዚህ ጎረቤቴ የሐርጌሳ ሰው ነው፣ ‹እናንተም ታጣቂ ታሳድጉ ነበር› ብሎኝ መልስ አጣሁ።» ከቨርጂኒያ

መልስ ያጣኸው እውነቱን ስለነገረህ ነው ወንድሜ። በደንብ አድርገን ልከናል።

ከካራማራ በኋላ ሞቃዲሾ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከሸፈ። ካመለጡት መኮንኖች አንዱ ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ነው። ኢትዮጵያ መጣ፣ ደርግ መሣሪያና ሬዲዮ ሰጠው። በ1973 ደግሞ ለንደን ላይ ኤስ.ኤን.ኤም. (የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ) ተመሠረተ፣ የሰሜኖቹ የኢሳቅ ጎሳ ሰዎች የአማጺ ድርጅት። እነሱም ጦር ሰፈራቸው እኛው ጋ ሆነ። በ1974 ክረምት የኢትዮጵያ ጦር ከአብዱላሂ ሰዎች ጋር ድንበር ተሻግሮ ባላንባሌና ጎልዶጎብን ያዘ። እዚህ ላይ ነው አስቂኙም አሳዛኙም ነገር ያለው፦ አብዱላሂ «እነዚህ ከተሞች የሶማሊያ ናቸው» ብሎ ሲከራከር ደርግ እስር ቤት ከተተው። እንግዳ አድርገው ተቀብለው እስረኛ አደረጉት። የተፈታው ደርግ ሲወድቅ ነው፣ በ1997 ደግሞ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1980 መጋቢት ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ ደርግ በሻዕቢያ ክፉኛ ተመታ። ወደ ሰሜን የሚልከው ጦር ያስፈልገው ነበር፣ ያ ጦር ደግሞ ኦጋዴን ነው የተቀመጠው። በወሩ መጨረሻ መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ተፈራረሙ። አንተ የእኔን አማጺ ተው፣ እኔም ያንተን እተዋለሁ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ጥሩ ነገር ወጣው፦ ከ10 ዓመት በላይ ሶማሊያ ታስረው የነበሩ ምርኮኞች አገራቸው ገቡ። የአየር ኃይሉ አብራሪ ለገሠ ተፈራ ከመካከላቸው አንዱ ነበር፣ 11 ዓመት ታስሮ።

ጎረቤትህ ግን ያን ስምምነት የሚያስታውሰው በሌላ መንገድ ነው። ኤስ.ኤን.ኤሞች ቤታቸው እንደተሸጠ አወቁ። መሄጃ ሲያጡ በግንቦት ቡርዖንና ሐርጌሳን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጠቁ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ደበደቡ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ ጎረፈ። ሐርቲሼክ የሚባለው ሜዳ በአንድ ወቅት ወደ ሩብ ሚሊዮን ስደተኛ ይዞ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ታንክ በመጣበት አቅጣጫ አሁን ልጅ ያዘሉ እናቶች መጡ።

ሁለቱ ሰውዬዎች በ1983 ወደቁ። ዚያድ ባሬ በጥር፣ መንግሥቱ በግንቦት። ሐርጌሳ መሃል የወደቀ ሚግ በሐውልት ላይ ተሰቅሏል፣ ጎረቤትህን ፎቶውን እንዲያሳይህ ጠይቀው። የእኛው ሐውልት ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው ትግላችን ነው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቡና ብትጠጡ ጥሩ ወሬ ይወጣዋል።

«ኬንያዎች ‹ሺፍታ› ሲሉ ሰማሁ። ከኛ ነው የወሰዱት ወይስ ገጥሞ ነው?» ከናይሮቢ

ከእኛ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው! የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ ሶማሌዎች ከሶማሊያ እንቀላቀል ብለው በ1956 ሲያምጹ መንግሥት «ሺፍታ» አላቸው። ጦርነቱ ራሱ በዚህ ስም ይጠራል። ውጊያው በ1960 ጥቅምት አሩሻ ላይ በስምምነት አለቀ። ቃሉ ግን እዚያው ቀረ፣ ብዙ የአካባቢው ሰው ዛሬም ስድብ ነው ብሎ ይቀየማል። ጓደኛህ ሶማሌ ከሆነ ቀልድ ብለህ አትወርውራት። በእኛ አገር «ሽፍታ» ውስጥ ጀግና የሚል ትርጉምም አለ፣ አባ ታጠቅ ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ማለቴ ነው፣ ሸፍቶ ነው የነገሠው። ቃሉ እዚያ ሲደርስ ያ የጀግና ትርጉም መንገድ ላይ ጠፋ።

«ድንበሩ አሁን አለቀለት? ካርታው ላይ ለምን ነጠብጣብ ነው?» ከአዳማ፣ የጂኦግራፊ መምህር

ጋሼ፣ ነጠብጣቡን ያዩት ልክ ነው። ያ ከላይ ያልኩት «ለጊዜው» የተሰመረው መስመር ነው። መሬት ላይ ድንጋይ ተተክሎለት አያውቅም። ዛሬ በዚያ መስመር ጦር የሚማዘዝ መንግሥት የለም፣ በሐምሌ 2014 አልሸባብ ተሻግሮ ሲገባም የተዋጉት የሶማሌ ክልል ልዩ ኃይሎች ነበሩ፣ ምናልባትም ብዙዎቹ በ1969 «ሰርጎ ገብ» የተባሉት ሰዎች የልጅ ልጆች። ለተማሪዎችዎ ካርታውን ሲያሳዩ በሃውድ በኩል ደግሞ ከ1889ኙ መስመር በስተሰሜን ያሉትን ጉድጓዶች፣ በስተደቡብ ያለውን ሣር አብረው ይሳሉላቸው። የድሮ ካርታ ቤትዎ ካለ ደግሞ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ የእኔን አይጥ በልቶታል።