የሰው ግብር ኪሳችሁ አይግባ

ተመርቃችሁ ቅጥር ሲጠፋ «ለምን ሦስት አራት ሱቅ ይዤ በፓርት ታይም ሒሳብ አልሠራም?» ብላችሁ ለምታስቡ ልጆች ነው የምጽፈው። እኔ የጀመርኩት በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ቫት በገባ ሰሞን። ነጋዴው ግራ ገብቶት ነበር። እኛም ግራ ገብቶን ነበር፤ ግን አናሳይም።

ዴቢት ክሬዲቱን ተምራችኋል፣ ፒችትሪ የሚሉት የሒሳብ ሶፍትዌርም ቶሎ ይለመዳል። ከባዱ ደረሰኝ መሰብሰብ ነው። ደንበኛው ዓመቱን ሙሉ «እሺ ነገ» ሲላችሁ ይከርምና የዓመቱ ግብር የሚያሳውቅበት ጥቅምት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ከች ይላል፣ ግማሹ ዘይት የነካው፣ ግማሹ ደግሞ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት የሆነ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ። ስለዚህ በየሳምንቱ ራሳችሁ ሄዳችሁ ውሰዱ። የዚያኑ ዕለት ፎቶ አንሱት፣ ዜድ ሪፖርቱንም (ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣውን ወረቀት) ጭምር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ደንበኛ ነበረኝ። በየወሩ የቫቱን ብር ቆጥሮ በእጄ ይሰጠኛል፣ እኔ ሄጄ እከፍላለሁ። «አንተ እያለህ ምን አሳሰበኝ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጅነት ነው። አንድ ወር ላይ ግማሹን ሰጥቶኝ «ቀሪውን ነገ» አለ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ወሩም አለቀ፤ ቅጣትና ወለድ መጣ። እሱ ታዲያ ለጎረቤቶቹ «እኔ እኮ ሙሉውን ሰጥቼዋለሁ» ብሎ አወራ። በእጄ አንዲት ወረቀት የለችም። ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩ፣ በዚያው ተርታ ያሉ ሁለት ሱቆችም ሒሳባቸውን ወሰዱብኝ።

ከዚያ ወዲህ የሰው የግብር ብር ነክቼ አላውቅም። እኔ ስሌቱን ሠርቼ እሰጣለሁ፣ ባለቤቱ ባንክ ሄዶ ይከፍላል፣ የከፈለበትን ይልክልኛል። ግብር በኢንተርኔት የሚታወቅበት የኢ-ታክስ አካውንቱም በእሱ ስልክ እንጂ በእኔ አይመዘገብም።

ውላችሁ አንድ ገጽ ብትሆንም በጽሑፍ ትሁን። ምን እንደምትሠሩ ጻፉ፦ ቫት፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው የሥራ ግብር፣ ጡረታ (7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው)። የማትሠሩትንም ጻፉ፣ አለበለዚያ የባንክ ብድር ማመልከቻው፣ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይቀር የእናንተ ሥራ ይሆናል። ሰነድ በስንተኛው ቀን እንደሚደርሳችሁም ይግባበት። ክፍያችሁን በየወሩ ተቀበሉ። የዓመት ድካማችሁን እስከ ጥቅምት ይዞ የሚያቆይ ሰው ጥቅምት ላይ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፣ እሱም ብዙ ጊዜ «ወጪው አንሷል፣ ደረሰኝ ፈልግልኝ» ነው፤ ግብሩ እንዲቀንስ የሐሰት ደረሰኝ አምጣ ማለቱ ነው።

ለዚህ ስብከት አያስፈልግም። እኔ «ይኼ ሲገኝ ከአንተ ቀጥሎ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» ብቻ ነው የምለው። አኩርፈው የሄዱ አሉ። አንዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ለምን እንደመጣ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የሕንፃ መሣሪያው ሰውዬ አሁንም እዚያው አለ፣ ሰላም እንባባላለን። ሒሳቡን ሌላ ልጅ ይዞለታል። ባለፈው ወር ልጁን ከሱቁ ሲወጣ አየሁት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብር ብብቱ ሥር ሸጉጦ እየተጣደፈ ነበር። ልጠራው አፌን ከፈትኩና የምመቀኘው እንዳይመስለው ተውኩት።