ታፔላው «እና ባልደረቦቹ» ቢልም

አገር ቤት ድርጅት ለማቋቋም ወይም ክርክር ለመከታተል ስትነሡ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ጎበዝ ጠበቃ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ነው። እኔም ከሃያ ዓመት በፊት እንዲሁ ጠይቄ ጎበዝ ጠበቃ አገኘሁ። ጉብዝናቸውን ዛሬም አልክድም። ድንገት ሲያርፉ ግን ቢሮአቸው ተዘጋ። የማኅበራችን የመመሥረቻ ጽሑፍ በመሳቢያቸው፣ እኔ ደግሞ ሜሪላንድ! ወራሾቻቸው ተስማምተው በሩን እስኪከፍቱ ሰባት ወር ጠበቅሁ። ታፔላው «እና ባልደረቦቹ» ይል ነበር። ባልደረቦቹ አንዲት ጸሐፊና አንድ ተላላኪ ናቸው።

በእሳቸው ብቻ አልፈርድም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 199 ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት የሚያቋቁሙበት መንገድ አልከፈተም፤ ፈቃዱ የግለሰቡ ነበር። ስለዚህ ቢሮው ከባለቤቱ ዕድሜ አያልፍም ነበር። ደንበኛ ሲበዛ ወጣት ተመራቂ ይቀጠራል፤ ወጣቱ ሥራውን ሲለምድ ወጥቶ የራሱን ይከፍታል፤ ትልቁም እንደገና ብቻውን ይቀራል። ናይሮቢ ላይ ግን ሃሚልተን ሃሪሰን ኤንድ ማቲውስ የሚባለው ቢሮ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1902 ተመሥርቶ መሥራቾቹ ካለፉ በኋላም ቀጥሏል። የኩባንያዎች የሕግ ሥራ በክፍለ አህጉሩ ወደ ናይሮቢ ማዘንበሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህም የመጣ ነው።

የእኛ በር የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለሙያዎች በጋራ የሚያቋቁሙትን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር አስተዋወቀ፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች የጥብቅና ድርጅት እንዲመሠርቱ ፈቀደ። ገና ለጋ ነው። ስሙን ድርጅት ብሎ አሠራሩን እንደ ድሮው የያዘም አይጠፋም፤ ስለዚህ ውሉን ከማን ጋር እንደምትፈርሙና ደረሰኙ በማን ስም እንደሚቆረጥ ተመልከቱ። ጉዳያችሁ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ከሆነ፣ በዚያ ክልል ፍርድ ቤት የሚቆመው ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውክልናን በተመለከተ ደግሞ እባካችሁ አትቸኩሉ። ኤምባሲ ተሰልፎ «ሁሉንም ያድርግልኝ» ብሎ መፈረም የለመድነው ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ ይደነግጋል፤ ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስም ልዩ ውክልና ይፈልጋል፣ አንቀጽ 2205። ለክርክሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ዘርዝራችሁ ስጡ። የመሸጥ ሥልጣን ለጠበቃ ምን ያደርግለታል?

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ቢሮ ገባሁ። በሁለቱም «እርስዎ ባይኖሩ የእኔን መዝገብ ማን ያውቀዋል?» አልኩ። አንደኛው «እኔ የት እሄዳለሁ?» ብለው ሳቁ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ለጎረቤት ጠረጴዛ ምልክት ሰጡ። የተቀመጠችው ልጅ ቀደም ብዬ በኢሜይል የላክሁትን ሰነድ ከኮምፒውተሯ ከፍታ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊርማዬ እንደጎደለ ነገረችኝ።