ትላሽካላ በሯን ብትዘጋ ኖሮ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የስፔኑ የጦር መሪ የሄርናን ኮርቴስ ዘመቻ ከሽፎ የአዝቴክ መንግሥት ሳይፈርስ የቀጠለበትን ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የት ላይ ቢታጠፍ አንባቢ ያምነኛል? እኔ ያሰብኩት የአዝቴኩ ንጉሥ ሞክቴዙማ ስፔኖቹ ገና ከመርከብ ሲወርዱ ጦር ልኮ እንዲደመስሳቸው ነው።

መልስ፦ የባሕሩን ዳርቻ ይተዉት። ኮርቴስ በኤፕሪል 1519 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲያርፍ 500 ያህል ወታደርና 16 ፈረስ ብቻ ነበረው፤ እዚያው ማጥፋት ይቻል ነበር። ግን ምንም አያስቆምም። በ1517 ከኩባ የሄደ ሌላ ቡድን ቻምፖቶን ላይ በማያዎች ተመትቶ ከ50 ሰው በላይ አጥቷል፣ መሪውም በቁስሉ ሞቷል፤ በዓመቱ ግን ሌላ ቡድን ተላከ። ኮርቴስም ዳርቻው ላይ ቢያልቅ ተተኪው ይመጣ ነበር፤ የእርስዎ አዝቴኮች ደግሞ ስለ እንግዶቹ ምንም ሳይማሩ ይጠብቁታል።

የተሻለው ቦታ ጁላይ 1520 ነው። ጁን 30 ሌሊት ስፔኖቹ ገብተው ከተቀመጡባት የአዝቴክ መዲና ከቴኖችቲትላን ሾልከው ሲወጡ በሐይቁ ላይ የተሠራው የምዕራቡ ጎዳና በየቦታው ተቆርጦ ነበር። የያዙት ተንቀሳቃሽ የእንጨት ድልድይ አንድ ብቻ ስለነበረ የመጀመሪያው ክፍተት ላይ ተሰክቶ ቀረ። ብዙዎቹ ወርቅ እንደተሸከሙ ውኃ ውስጥ ሰጠሙ፣ መድፉም ባሩዱም ጠፋ። ከሳምንት በኋላ ኦቱምባ በተባለ ቦታ ላይ እንደምንም ጥሰው ወጡ። የአዝቴኮች ጠላት፣ የስፔኖቹ ደግሞ አጋር ወደሆነችው ትላሽካላ ሲደርሱ አብሯቸው የነበረ ወታደር እንደጻፈው 440 ሰው፣ 20 ፈረስና 7 ነፍጠኛ ቀርተዋል፤ ያልቆሰለ አልነበረም።

የቴኖችቲትላን አዲስ ንጉሥ ኩዊትላዋክ መልእክተኞቹን ወደ ትላሽካላ የላከው በዚህ ጊዜ ነው። ይዘው ከሄዱት መካከል ጥጥና ጨው ይገኝበታል። ስጦታው ትርጉም ነበረው፦ አዝቴኮች ትላሽካላን ዙሪያዋን ዘግተው ለአሥርት ዓመታት ጨውና ጥጥ ነፍገዋት ነበር። በሸንጎው ወጣቱ ሺኮቴንካትል፣ አጋርነቱ ከመታሰሩ በፊት በሴፕቴምበር 1519 ስፔኖቹን የተዋጋው የጦር መሪ፣ «ከወገኖቻችን ጋር ታርቀን እነዚህን እንጨርሳቸው» በሚል ቆመ። ማሺሽካትሲን የተባለው ሽማግሌ ገዥ ተቃወመ፣ የሱም ወገን አሸነፈ። ልቦለድዎ እዚህ ይታጠፍ። የማንንም ጠባይ መለወጥ፣ ተአምር መጨመር አያስፈልግም፤ በእውነት የተነሣ ክርክር በሌላኛው በኩል ይወሰናል።

ችግሩ እምነት ነው። ትላሽካላዎች የአዝቴክን ቃል የሚያምኑበት ምክንያት አልነበራቸውም። ስለዚህ ኩዊትላዋክ ከመልሱ በፊት መያዣ ይስጥ፦ የጨው መንገዱ አስቀድሞ ይከፈት፣ ምርኮኞች ይመለሱ፣ አዝቴኮችም ትላሽካላዎችም በሚጋሩት በናዋ ሕዝብ ገዥዎች ወግ መሠረት የጋብቻ ውል ይታሰር። ቀኑንም ይጠንቀቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈንጣጣ ማሺሽካትሲንንም ኩዊትላዋክንም ገድሏል፤ ስለዚህ በሽታው እስኪደርስ ያለዎት ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ነው።

ትላሽካላ ከተዘጋች ቀሪው በራሱ ይወድቃል። በእውነተኛው ታሪክ በሚቀጥለው ዓመት ቴኖችቲትላንን ያንበረከከው መድፍ ወይም ፈረስ ብቻ አልነበረም። 13 ባለ ሸራና ባለ መቅዘፊያ ጀልባዎች ነበሩ። ማርቲን ሎፔዝ የተባለ አናጺ በትላሽካላ እንጨት ሠራቸው፤ ብረቱ፣ ገመዱና ሸራው ከባሕር ዳርቻ በሰው ጫንቃ መጣ፤ ክፍል ክፍሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ተሸካሚዎች ተራራ ተሻግሮ በሐይቁ ዳር ወዳለችው ቴሽኮኮ ደረሰ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1521 ሐይቅ ገባ። ቴኖችቲትላን ደሴት ናት፣ ምግቧ በታንኳ ነው የሚገባው። ታንኳውን የሚያግድ ከሌለ ከተማዋን ማስራብ አይቻልም። እንጨት፣ ተሸካሚ፣ ስንቅና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እግረኛ የሰጡት ትላሽካላና በኋላ የተቀላቀሉት ከተሞች ናቸው። ድሉን የጥቂት መቶ ስፔናውያን ጀግንነት አድርጎ የሚጽፍ ሁሉ እነዚህን ሰዎች ከገዛ ታሪካቸው ያጠፋቸዋል፤ እባክዎ አይድገሙት።

ጥያቄ፦ ስፔኖቹ ተሸንፈው ቢባረሩ ፈንጣጣው ይቀር ነበር?

መልስ፦ አይቀርም። በሽታው ሂስፓኒዮላ ደሴት ላይ በ1518 መጨረሻ ታየ፣ ከዚያ ኩባን ያዘ፤ በ1520 የኩባ ገዥ ኮርቴስን እንዲያስር ከላከው የናርቫኤዝ ጦር ጋር ሜክሲኮ ገባ። አስቀድሞ ያልገባበት ምክንያት አለ። ከተያዙ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ 12 ቀን ገደማ ነው፣ ከስፔን ወደ ካሪቢያን የሚደረገው ጉዞ ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ መርከብ ላይ የታመመው ወይ ይሞታል ወይ ይድናል፣ በሽታው መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ኩባ ከደረሰ ግን ሜክሲኮ የቀናት መንገድ ነች። አንዲት የንግድ መርከብ ትበቃለች።

ቴኖችቲትላንን በ1520 መጸው ለ60 ቀን ያህል መታት። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወድቁ ውኃ የሚያቀብል፣ የሚፈጭና የሚጋግር አይኖርም፤ ብዙ ሰው የሞተው በረሃብ ነው። ኩዊትላዋክ በይፋ ዘውድ ከጫነ በኋላ የነገሠው 80 ቀን ገደማ ብቻ ነው። በልቦለድዎ ይህን መከራ ቢዘሉት ታሪኩ ይፈርሳል። ልዩነቱ ከበሽታው በኋላ ነው፦ ከበባ ከሌለ የተረፉት ይዘራሉ፣ ያጭዳሉ፣ ተተኪው ንጉሥ ኩዋውቴሞክም የሚነግሥባት ከተማ አትፈርስም።

ጥያቄ፦ አዝቴኮች ነፍጥና መድፍ መሥራት በስንት ዓመት ይችሉ ነበር?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ግን አቅጣጫው ትክክል አይመስለኝም። ብረት አያቀልጡም ነበር፤ መዳብ ግን ያውቃሉ፣ ምዕራባዊ ጎረቤቶቻቸው ፑሬፔቻዎችም ነሐስ ይሠሩ ነበር። ባሩድ ከሞላ ጎደል 75 እጅ ናይትሬት የሚባለው ጨው፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። ድኙ በፖፖካቴፔትል እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ አለ፤ ስፔኖቹ ራሳቸው ከዚያ አውጥተዋል። ከባዱ ናይትሬቱን ማጣራትና ልኩን ማወቅ ነው፤ ለዚያ የተማረከ ወይም የከዳ ባለሙያ ያስፈልጋል።

እነሱ ግን መድፍ አልጠበቁም። በ1521 የማረኩትን ጎራዴ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስረው ፈረስ ይወጉ ነበር። ጀልባዎቹን ደግሞ በታንኳ እያባበሉ ውኃ ውስጥ ወደተተከሉ የተሸሸጉ ካስማዎች ወሰዷቸው። ጁን 30 ቀን 1521 ከ50 በላይ ስፔናውያንን በአንድ ውጊያ ማርከዋል፣ ኮርቴስ ራሱ ለጥቂት ተረፈ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ1600 ካርታው ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ ስፔን ተስፋ የምትቆርጥ አይምሰልዎት፤ ግን ገንዘቡን ያስቡ። እነዚህ ዘመቻዎች በመሪዎቹ ዕዳ ነው የሚደራጁት። የኮርቴስና የናርቫኤዝ ሰዎች ተደምረው 1,400 ገደማ ናቸው፤ ከኩባ ያን ያህል ሰው ጠፍቶ ሌላ አበዳሪ ማግኘት ዓመታት ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከእውነተኛ አገሮች ይውሰዱ። ዩካታን ላይ ዘመቻ በ1527 ተጀምሮ የመጨረሻው የማያ መንግሥት መዲና ኖህፔቴን የወደቀችው በ1697 ነው። በቺሌ ላውታሮ፣ የስፔኑ አገረ ገዥ ቫልዲቪያ አገልጋይ የነበረ ወጣት፣ የጌቶቹን አዋጊነት ተምሮ በ1553 ቫልዲቪያን ድል አደረገ፤ ማፑቼዎች ፈረሰኛ ሆኑ፣ በ1641 ደግሞ ስፔን በኪሊን ውል የቢዮቢዮን ወንዝ ድንበር አድርጋ ተቀበለች። የእርስዎ ሜክሲኮም ቬራክሩዝ ላይ አንድ የስፔን ወደብ፣ በደጋው ላይ ግን በቴኖችቲትላንና በትላሽካላ ስምምነት የቆመ መንግሥት ይኑራት፤ ፈረስ፣ ብረትና በግ በዚያው ወደብ በንግድ ይግቡ።