መልስ፦ ጤና አዳሙ የሞተው በውኃ ብዛት ይመስለኛል

እህቴ፣ ካዛንቺስ አራተኛ ፎቅ ሳሎን ውስጥ ያስቀመጥሽው ጤና አዳም ቢጫ ሆኖ የረገፈብሽ ውኃ በዝቶበት ሳይሆን አይቀርም፤ «በየቀኑ አጠጣለሁ» ብለሻልና። ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳል። ጥላ ውስጥ አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ ሥሩ ይበሰብሳል። አዲሱን በረንዳ ላይ ትከዪው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥበት ከነካሽ አታጠጪ። ዕቃው ከሥሩ ካልተበሳ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የከተማችን ጥቁር አፈር ውኃ ይቋጥራል፤ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅዪበት።

በረንዳሽ ወደ ደቡብ ከዞረ ዕድለኛ ነሽ፤ በበጋ ፀሐይ በዚያ በኩል ታዘነብላለች።

ከጤና አዳሙ ጎን ሌላም ከተከልሽ፣ በሶብላ ብርድ አይችልም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወደ ቤት አስገቢው። የውጭ አገር መመሪያዎች አበባውን ቀንጥሱ ይላሉ፤ እኛ ለበርበሬና ለሽሮ የምንፈልገው አበባውንም ስለሆነ አትስሚያቸው። ጥብስ ቅጠል ከዘር ይልቅ ከቅርንጫፍ ቁራጭ ይቀላል፤ የታችኛውን ቅጠል ገፈሽ እርጥብ አሸዋ ላይ ትከዪው። ናናን ለብቻው፤ ጎረቤቱን ይወርሳል።

ጤና አዳም ስትቀነጥሺ ደግሞ እጅሽን ወዲያው ታጠቢ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ይቋጥራል።