ጀልባዋ ስንት ሰው ትችላለች?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በትንሽ የሞተር ጀልባ ልንሄድ ነው። 9 ነን። ባለጀልባው «ችግር የለም፣ ትችላለች» ይላል። በምን እንመን?

መልስ፦ መሪው አጠገብ ወይም ከኋላ በኩል የጭነት ልክ ተጽፎ እንደሆነ ይዩ። የሰው ብዛትና ኪሎ ይላል፤ ቀድሞ የሞላው ይወስናል። ዕቃውም ነዳጁም ይቆጠራል፤ 40 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 30 ኪሎ ያህል ነው። ጽሑፍ ከሌለ፣ ከ6 ሜትር ላነሰች ጀልባ ርዝመቷንና ስፋቷን በሜትር አባዝተው ውጤቱን እንደገና በ0.7 ያባዙት። 5 ሜትር በ1.8 ከሆነች 6 ሰው ነው፤ ያውም ውሃው ሲረጋ። እንዲህ ከሆነች በሁለት ዙር ሂዱ።

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ስለሚነሳ ጠዋት መውጣት ይሻላል። ከመጠን በላይ የጫነች ጀልባ ጠርዟ ወደ ውሃው ይቀርባል፣ ለመሪ ትዘገያለች፣ ካዘነበለችም ቶሎ አትቃናም። «ጉማሬ!» ሲባል ሁሉም ለፎቶ ወደ አንድ ጎን ከተነሳ ልትገለበጥ ትችላለች፤ እንደተቀመጣችሁ እዩ። ሞተሩም ፍጥነቱን በድንገት አይቀንስ፤ ከኋላዋ የሚከተላት የራሷ ማዕበል ደርሶ ውስጥ ይገባል። የሕይወት አድን ጃኬት ከመነሻው ይልበሱ፤ ወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት ጀልባዋ ስትገለበጥ አይገኝም።